የላታ አምሮት

የተወቀጠ እርጥብ ድንብላል ከቃሪያና ከሎሚ ጋር በሸተተኝ ቁጥር፣ ቁስቋም የነበረው ግቢያችንና የኋላ ክፍላችንን ተከራይታ የነበረችው ህንዳዊት ላታ ይታወሱኛል። ላታ መምህር ከሆነው ባሏ ጋር ወደ እኛ የገባችው መስከረም ላይ ነበር፤ እናቴ ለፍሬው ብላ ከድንቹ ዳር የዘራችው ድንብላል ገና ለምለም ስለነበር፣ ላታ ባየችው ጊዜ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ተንበርክካ አሸተተችው።

እኛ ቤት የድንብላል ቅጠል ማንም በልቶ አያውቅም፤ ፍሬው ደርቆ፣ ታምሶ በርበሬ ውስጥ ከመግባቱ በቀር ሌላ ሥራ ያለው አይመስለንም ነበር። ላታ ግን ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ቀንጥሳ፣ ከቃሪያ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በእናቴ ሙቀጫ ወቅጣ፣ ጨውና ሎሚ ጨምራ ቻትኒ የምትለውን አረንጓዴ ማባያ ትሠራና ለሩዙም፣ ለምስሩም፣ ለቂጣውም ታቀርበው ነበር። እናቴ መጀመሪያ «ፍሬ ሳያፈራ ግጣ ልትጨርሰው ነው» እያለች ታጉረመርም ነበር፤ ቀምሳ የጾም መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ግን እንጀራዋን ይዛ ራሷ ብቅ ማለት ጀመረች። እኔማ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀድሜ የማንኳኳው የላታን በር ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ድንብላሉ ደርቆ ታጨደ፣ ፍሬውም በርበሬ ውስጥ ገባ። በጥር ላታ አረገዘች፤ የበላችው ሁሉ አልረጋ ብሏት ውኃ እንኳ ያስመልሳት ጀመር። እናቴ «ምን አማረሽ፣ ልጄ?» ብትላት፣ ድንብላሉ የነበረበትን ባዶ መደብ በጣቷ እያሳየች «ቅጠል፣ እማማ፣ ቅጠል» አለቻት። እርጉዝ ያማራትን አጥታ ጽንሷ ቢጎዳ ኃጢአቱ የጎረቤት ነው ብላ የምታምነው እናቴ፣ ያን ቀን እሷም ምሳ አልበላችም።

ቅዳሜ ገበያ ዞራ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ቅጠሉን የሚሸጥ ቀርቶ ለምን እንደፈለገችው የሚገባውም አላገኘችም። በሶብላና ጤና አዳም ከቃሪያ ጋር ወቅጣ ብትወስድላት፣ ላታ ላለማሳዘን አንዴ ጎርሳ ወደ ደጅ ሮጠች። በመጨረሻ እናቴ ከጎረቤታችን ከእትዬ ጥሩ አንድ ኩባያ ድንብላል ለምና መደቡ ላይ ዘራች። እናቴ ጠዋትና ማታ ታጠጣለች፣ ላታ በመስኮት ታያለች፣ እኔ ቦርሳዬን ሳላወርድ አፈሩ ላይ አጎነብሳለሁ። ሑዳዴ ተጋመሰ፤ ላታ ግድግዳ እየተደገፈች መሄድ ጀመረች፤ መደቡ ግን ያው አፈር ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ጥሩ እናቴ ስታጠጣ ደረሱባት።

«ምነው፣ ምን ዘርተሽ ነው?»

«የሰጠሽኝን ድንብላል ነዋ።»

እትዬ ጥሩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ለበርበሬ መስሎኝ እኮ በምጣድ አምሼ ነው የሰጠሁሽ፤ እንዳትደክሚ ብዬ።»

እናቴ አልተቆጣችም፤ በደግነት ማን ይቆጣል? ጣሳዋን አስቀምጣ መደቡ ዳር ቁጭ አለችና አለቀሰች። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ጥሬ ድንብላል ተፈልጎ ያኑ ዕለት ተዘራ። ከመብቀሉ በፊት ግን መምህሩ ሚስቱ እጁ ላይ እንዳትቀር ፈርቶ ወደ አገሯ፣ ወደ እናቷ ላካት። ላታ መኪናው እስኪነሳ ድረስ የእናቴን እጅ አልለቀቀችም፤ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ግን ከጥቂት ቃላት በቀር አልነበራቸውም። ትምህርት ሲዘጋ ባሏም ተከትሏት ሄደ፣ አድራሻ መለዋወጥም ማናችንም አላሰብንም፤ በዚያው ወሬያቸው ጠፋ። መደቡ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሲሆን እናቴ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችና አንድም ቅጠል ሳትቀነጥስ ተወችው።

ዛሬ የድንብላል ቅጠል በየአትክልት ቤቱ በእስር ይሸጣል፤ ፀዳ ባለው ቤቴ ልጆቼ እጃቸውን ታጥበው እስኪቀርቡ ቻትኒው በማሽን ተፈጭቶ ይደርሳል። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ እኔ የማላውቀውን አዋቂ ሁሉ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን እናቴ አርጅታለች፣ የምትጠይቀውም እኔን ነው፤ ማባያውን ቀመስ ታደርግና «ወልዳ ይሆን?» ትለኛለች። «ወልዳለች፣ እማ» እላታለሁ። ደግማ ትጎርስና «ወንድ ነው ሴት?» ትለኛለች።