ጋሽ ታደሰ ሲከራከሩልኝ

የትራፊክ ትኬት ተደራረበብኝና መንጃ ፈቃዴ ሰስፔንድ ተደርጎ ከመታገዱ በፊት፣ እዚህ አሜሪካ ኦክላንድ ያለው የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ቃሌን ሊሰማ ለሂሪንግ ጠራኝ። እንጀራዬ ደግሞ ሹፍርና ነው! ጠበቃ መያዝ ትችላለህ ቢሉኝ፣ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁትን ጋሽ ታደሰን በመኪናዬ ይዤ ሄድኩ።

በሩ ላይ፣ ቢሮውን ወክላ የምትከሰውም የምትፈርደውም ያቺው አንዷ ሂሪንግ ኦፊሰር መሆኗን ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ክርክር ያስፈልጋል?» አሉኝ። «ከሳሽም ዳኛም እሷ ከሆነች፣ የሚያዋጣን መታረቅ ነው።»

ገባን። ሴትየዋ የድምፅ መቅጃውን ከፈተች። ጋሽ ታደሰ ብድግ አሉና በዚያ በጎርናና እንግሊዝኛቸው ጀመሩ።

«ጥፋተኛው የእኛ ልጅ ነው። እናንተ የያዛችሁት ጥቂቱን ነው፤ ስንት ቀይ መብራት እንደጣሰ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ የማውቀው!»

ኮታቸውን ጎተትኩ።

«ዝም በል!» አሉኝ በአማርኛ። «መጀመሪያ ጥፋት ይታመናል፤ ምሕረት የሚለመነው ከዚያ በኋላ ነው።»

ምሕረቱ ሳይለመን ሴትየዋ በትሕትና አመሰገነቻቸውና መንጃ ፈቃዴን ተቀበለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ታደሰ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

«አይዞህ፣ ፊቷ ሲፈታ አይቻለሁ። በል አሁን መኪናውን አምጣና ሳን ፓብሎ ቤቴ አድርሰኝ። ቀስ ብለህ ንዳ ታዲያ!»