ለኢድ የተቀመጠው ብሩሽ

ልጄ ወደምትማርበት የአሶሳ ትምህርት ቤት የጥርስ ሐኪሞች መጥተው ለየልጁ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና አድለው ነበርና፣ ትናንት ከባጃጅ ወርዳ ስታቅፈኝ አፏ ናና ናና ሸተተኝ። ሳሙናውን መንገድ ላይ ከፍታ ቀምሳው ኖሯል። መሳቅ ሲገባኝ ዕንባዬ ቀደመኝ።

ሽታው ይዞኝ ወዳደግሁበት ፓዌ፣ ወደ ልጅነቴ ገባ። መምህራችን፣ ረጅሙና ቀልደኛው የሺናሻ ሰው፣ ከየት እንዳገኙት እንጃ አንድ ካርቶን ብሩሽና የጥርስ ሳሙና አምጥተው፣ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር አሰልፈውን ሳሙናውን በየጣታችን ጨመቅ እያደረጉ አፋፋቅ ሲያስተምሩን፣ አብዛኞቻችን ቁርስ ሳንቀምስ የመጣን ነበርንና ላስነው ጨረስነው። ታናሽ እህቴ ዘሀራ ቀይ ብሩሿን ወደ ላይ ይዛ እየዘፈነች ቤት ገባች። እማዬ የሁለታችንንም ተቀበለችን።

«ይሄን የመሰለ ዕቃማ ላዘቦት አይወጣም፤ ለኢድ ትፍቁበታላችሁ» ብላ ከነፌስታሉ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ሰው አይፍረድባት። በሰፈራው ዘመን ከወሎ ባዶ እጇን የመጣች ሴት ናት፤ አዲስ ነገር ካገኘች ማቆየት እንጂ መጨረስ አይሆንላትም። እኛም ጥርሳችንን በከሰልና በጨው እየፈተግን፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ መምህሩ «ጥርስ!» ሲሉ እናገጥጣለን፤ የፊተኛው ነጭ ነውና እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ከዘሀራ አፍ ግን ማንጎና ሸንኮራ አይለይም ነበር፤ የኋላ መንጋጋዋ ውስጥ ለውስጥ ሲበላ ያየ የለም።

ክረምት ሲገባ ጉንጯ አበጠ። እማዬ ቅርንፉድ አስነከሰቻት፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ አሰረችላት። ዘሀራ ግን በዚያ ፊቷ ሆና እንኳ «ማንጎ ደብቄ የጎረስኩ አልመሰልኩም?» እያለች ታስቀን ነበር። ከዚያ እብጠቱ ወደ አንገቷ ወረደ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት ትንፋሿ ተቆራርጧል። ያንኑ ቀን ቀበርናት።

ኢድ ደረሰ። እማዬ ቀሚሷን ልታወጣ ሳጥኑን ስትከፍት ብሩሾቹ ከነፌስታላቸው ጎን ለጎን ተኝተዋል። ክዳኑን መልሳ ዘጋችው፤ በዚያ ኢድ ከቤታችን አዲስ ልብስ የለበሰ አልወጣም።

ብሩሹ ያተርፋት ነበር ወይ? ሐኪም አይደለሁም፣ አላውቅም። የኔም ብሩሽ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ይኸው አለሁ። የማውቀው አብራኝ የምታረጅ እህት እንደቀረችብኝ ነው፤ የዚያን ቤት ሳቅ ይዛው ሄደች።

ዛሬ እማዬ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ጠዋት ልጄ አዲሱን ብሩሽ ከነፌስታሉ ይዛ መጣች።

«አያቴ፣ በጣም ያምራል አይደል? ለልደቴ ላስቀምጠው?»

እማዬ መቁጠሪያዋን አስቀምጣ ተነሳች። ፌስታሉን በተረፉት ጥርሶቿ ቀደደችው።

«ፍቂበት የኔ እናት» አለቻት። «ይለቅ። ዛሬውኑ ይለቅ።»

ልጄ ፍቃ እስክትጨርስም አጠገቧ ቆማ ጠበቀቻት።