ያልተጣራው ጠበል

ጥሩሸዋ በየማለዳው ውሃ የሞላ ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ታነሣና አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። ጥርት ያለ ነው፤ ጉድፍ የለበት፣ አተላ የለበት። እሷን የሚያስፈራትም ይኸው ጥራቱ ነው። ገዳይ ነገር በዓይን ቢታይማ ኖሮ ማን ይሞት ነበር?

መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ባሏ መኳንንት የሒሳብ መምህር ነው። ኩላሊቶቹ ከሥራ ውጭ ሆነው ታናሽ ወንድሙ የራሱን አንዱን ሰጠው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ወደ እሷ ዘወር አለ። "አዲሱን ኩላሊት ሰውነቱ እንዳይገፋው የሚውጠው መድኃኒት የገላውን አጥር ያፈርሰዋል። ሌላውን ሰው ሆዱን ቆርጦ የሚተው ውሃ እሱን ይወስደዋል" አላት። "ይወስደዋል" የምትለው ቃል እስከ ዘመሮ ድረስ ከጎኗ ተቀምጣ መጣች።

ክረምቱ ሲገባ ቧንቧው ቆመ። ከታችኛው መንደር ሰው በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ይመላለስ ጀመር። በጎቹ ወንዙ ዳር ደርሰው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አሽትተው፣ ሳይጠጡ ይመለሳሉ ተባለ። ማፍላቱንማ ታፈላ ነበር፤ ግን መብራቱ ከሚመጣበት የሚጠፋበት ቀን በዛ፣ ማገዶውም ረጥቦ አልነድ አለ። ማጣሪያ ልትገዛ ደብረ ብርሃን ሄደች።

"ይሄ ባለ አሸዋው በርሜል ዕድሜ ልክሽን ያገለግልሻል" አላት ባለሱቁ በዕውቀቱ።

"ዛሬ ብተክለው ዛሬ ይሠራል?"

"ኧረ አይሠራም! አሸዋው ተባይ መያዝ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል።"

"ጊዜ የለኝም።"

የሸክላ ማጣሪያ ማሰሮውን ዳበሰችው። የመንዝ መንገድ ቤት ሳያደርሰው እንደሚሰነጥቀው ታወቃት። የቀረው ተደራራቢ ባለ ሁለት ባልዲው ነበር፤ በላይኛው ባልዲ ውስጥ ሻማ የመሰሉ ነጫጭ ሸክላዎች ቆመውበታል።

"በዓይን የማይታየውን ያስቀራል?"

"እህቴ፣ እንኳን ተባይ፣ የጎረቤት ሐሜት አያሳልፍም!"

አልሳቀችም። ገዛችው። አውቶቡስ ውስጥ ባልዲውን አቅፋ ስትጓዝ አንዲት ሴት ከኋላ፣ "እሜቴ፣ በዚህ ጋን የማን ሠርግ ጠላ ሊጠመቅበት ነው?" ስትል ተሳፋሪው ሳቀ። ጥሩሸዋም አብራ ፈገግ አለች፤ ባልዲውን ግን ጠበቅ አደረገችው።

የመኳንንት እናት ወይዘሮ ወለተኪዳን አብረዋቸው ይኖራሉ። ጎሕ ሲቀድ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ምንጭ ጠበል ቀድተው ይመጣሉ። የራሳቸውን ድርሻ ደጃፍ ላይ ቆመው በጣሳ ይጠጣሉ፤ የቀረው የልጃቸው ነው። ማጣሪያው በገባ ማግስት ጥሩሸዋ ጠበሉን ልትገለብጥበት ስትል ጀሪካኑን ያዙባት።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ለጥንቃቄ ነው እማማ። ምንጩን ጎርፍ ገብቶበታል ይላሉ።"

"እግዜርን በወንፊት ልትነፊው?"

መኳንንት ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጨለመ። "ጥሩዬ፣ በጠበሉ ከተጠራጠርሽ እኔም በመድኃኒቱ እጠራጠራለሁ። አልውጠውም።" ከልቡ ነበር።

ነገሩ አላስቀምጣት ሲል ምንጩን ልታይ ወረደች። ጉሙ ሰው አያሳይም። ሽታው ነው ቀድሞ ያገኛት። ከምንጩ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ሆዱ ያበጠ የበግ ጥንብ ተጋድሟል፤ የዝናቡ ውሃ ከሥሩ ሾልኮ ዝም ብሎ ወደ ታች ይወርዳል።

ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲያ የመኳንንትን ድርሻ እሱ ሳይነቃ በማጣሪያው አሳልፋ በጠበሉ ዕቃ መልሳ ታቀርብለት ጀመር። ወይዘሮ ወለተኪዳንን ግን ማዳን የምትችለው በመናገር ብቻ ነበር። ከተናገረች ደግሞ እሱ መድኃኒቱን ይተዋል።

በፍልሰታ ጾም ወይዘሮ ወለተኪዳን ታመሙ። ሳምንት ሳይሞላቸው ተቀበሩ። ለቀስተኛው "ዕድሜ ነው፤ በእመቤታችን ጾም መሄድም መታደል ነው" አለ።

ከሰልስቱ በኋላ የእሱን ጠበል በማጣሪያው ታሳልፍ እንደነበር ለመኳንንት ነገረችው።

"እናቴስ?"

"የራሳቸውን ራሳቸው ነበር የሚቀዱት።"

ሌላ አልጠየቃትም። ዛሬ የተጣራውን ይጠጣል፤ ስትቀዳለት ግን ውሃውን ትቶ እጇን ያያል።

ይህን ሁሉ ለእኔ ስትናገር አልሸሸገችም። አንዱን ብቻ ነግራኝ ስታበቃ "እሱ ይቅር፣ አይጻፍ" አለች። በሕመማቸው ዋዜማ ማለዳ ወይዘሮ ወለተኪዳን ጣሳውን ከአፋቸው መልሰው፣ "ጥሩዬ፣ ዛሬስ የሆነ ነገር ሸተተኝ፤ እስቲ አሽትቺው" አሏት። መኳንንት ነቅቶ ከመኝታው ሲያስል ይሰማል። ጥሩሸዋ ጣሳውን ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ሸተታት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጠበል ነው እማማ፤ ይጠጡት" ብላ በሁለት እጇ መለሰችላቸው።