ጭቁኗን ሊፕስቲክ የቀባናት ዕለት

ትናንት ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እማዬ፣ ይሄን እዪ! ከተረት ተነስተው የሠሩት ሜካፕ ነው... ትንሽ ብቻ ነው ያመረቱት፣ ካለቀ አለቀ» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ፤ በደርግ ጊዜ ተቀብቼዋለሁ» ስላት ዕድሜ ተጫጭኗት ነው ብላ አዘነችልኝ... እሷ ካላመነችኝ ለእናንተ ላውራው።

ነገሩ የሆነው አየር ጤና፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ነው። በቀበሌው የኪነት ቡድን የባለርስቱን ሚስት ሆኜ የምጫወተው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ቀላል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ ጭቁኗን ገበሬ እሰድባለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሕዝቡ «ትውደም!» ይላል፤ እኔም እወድማለሁ። ይሁን እንጂ መድረኩን እወደው ነበር። ከቤት ሥራና ከስብሰባ ሌላ በሕይወቴ የነበረኝ እሱ ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ ግርማ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ተምሮ ሲመለስ ትንሽዬ የቆርቆሮ ሳጥን አመጣልኝ። ክዳኑ ላይ ዘውድ የደፋች ልጅ ጨረቃ ላይ ቁጭ ብላለች። የዚያ አገር ተረት ነው አለኝ፤ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ልጅ ጨረቃ አግብቷት ንግሥት ትሆናለች። ለተረቱ መታሰቢያ ጥቂት ሳጥን ብቻ ስለተሠራ ከሥሩ ቁጥር ሁሉ አለው። ውስጡ ቀይ ሊፕስቲክ፣ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ የዓይን ቀለምና «የጨረቃ ዱቄት» የሚሉት ብርማ ፓውደር ነበረ።

«ለሠርግሽ አስቀምጪው» አለኝ።

ሙሽራው የት አለና? የእሁዱ ትርኢት ግን ነበር። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ አዳራሹ ሳይቀር ታጥቧል። እኔም ተቀባሁ።

መጋረጃው ተከፈተ። ከዚያ አንዱ ከኋላ አፏጨ፣ ሌላው አጨበጨበ። ጭቁኗን ስሰድባት ሳቁ። «ትውደም!» የሚባልበት ቦታ ስንደርስ ግማሹ ሕዝብ ዝም አለ... ይባስ ብሎ አንዱ «ትኑርልን!» ብሎ ጮኸ።

በዚያን ጊዜ «ሕዝብ አሳሳተች» የተባለች ሴት ወዴት እንደምትወሰድ አይታወቅም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እናቴን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭናለች።

ማክሰኞ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። የሴቶች ማህበሩ ሊቀመንበር ጓድ ጽጌ እሁድ የወረሰችብኝን ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

«ጓዶች! በዝባዡ መደብ በመድረካችን ላይ አምሮ ታይቷል! ይህ ስህተት ነው ወይስ ሴራ?»

ፈራሁ። ብድግ አልኩ። በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ የግርማ ተረት ብቻ ነው።

«ጓዶች፣ ጥፋቴን አምናለሁ። ሳጥኑ ግን አላጠፋም... ክዳኑ ላይ ያለችው የላብ አደር ልጅ ናት። አባቷ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው።»

የቀበሌው ሊቀመንበር መነጽሩን አድርጎ ሳጥኑን አገላበጠው። «ዘውድ ደፍታለች እኮ» አለ።

«ታግላ ያገኘችው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጓድ ጽጌ ሳጥኑን ከእጁ ወሰደች። «እንግዲያው» አለች፣ «የላብ አደሯን ንብረት ባለርስቷ ምን ቆርጧት ትቀባዋለች? ለባለቤቱ ይመለስ! ከእንግዲህ የምትቀባው ጭቁኗ ናት!»

ሞቅ ያለ ጭብጨባ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በገዛ ሊፕስቲኬ ላይ እኔም እጄን አወጣሁ... ሳልታሰር ወደ ቤቴ መሄዴን ነበር የማስበው።

እስከዚያ ቀን ጭቁኗን ልሁን የሚል ሰው አልነበረም። ማዳበሪያ ለብሶ፣ እንጨት ተሸክሞ ማልቀስ ነዋ። በማግስቱ ግን አሥራ አንድ ሴቶች ተመዘገቡ። መጨረሻ ላይ ቦታውን ማን ወሰደው? ጓድ ጽጌ ራሷ። አመራሩ አርአያ መሆን አለበት ተባለ።

እሁድ ደረሰ። ጓድ ጽጌ መቆጠብ የሚባል ነገር አታውቅም። አረንጓዴውን እስከ ቅንድቧ፣ የጨረቃ ዱቄቱን እስከ አንገቷ ለቀለቀችው። እንጨቷን ተሸክማ ስትገባ መድረኩ በራ። እኔ ደግሞ ባለርስቷ ዳግም አምራ ታይታ ውሳኔው እንዳይጓደል ብለው ፊቴን አመድ ቀብተውኝ ወንበሬ ላይ ኩርምት ብያለሁ።

«ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም!» አለች ጓድ ጽጌ፣ ሊፕስቲኩ እንዳይለቅባት ከንፈሯን ሞጥሞጥ አድርጋ።

ሕዝቡ እሷን አየ። እኔን አየ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ጎረቤታችን እማማ ዘነበች አላስቻላቸውም፤ ብድግ አሉ።

«ኧረ ወገን! ይቺን ምስኪን በረሃብ አመድ አስመስላት አረፈች እኮ! አንቺ የተኳልሽው... እንጨትሽን አስቀምጪና ለልጅቷ እህል ስጫት!»

«ትውደም!» አለ አንዱ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው። እኔ ስንት እሁድ ስወድም እንደዚያ ከልባቸው ጮኸው አያውቁም። ጓድ ጽጌ «እኔ እኮ ጭቁኗ ነኝ! ጭቁኗ እኔ ነኝ!» እያለች ደረቷን መታች፤ የሚሰማት ግን አልነበረም። አረንጓዴ እንባ በጉንጯ ወረደ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ አሳዘነችኝ።

ለዚህኛው ሂስ አልተጠራም። ማን ማንን ይሄሳል? ሳጥኔ በማግስቱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቤቴ መጣ። ሁሉም ተጠርጎ አልቋል። ክዳኑ ላይ ደግሞ የልጅቷ ዘውድ በእስክሪብቶ ተደልዞ በላዩ ሻሽ ተስሎላታል።

ልጄ ይሄን ሁሉ ሰምታ «ለመሆኑ አምሮብሽ ነበር?» አለችኝ።

«አንድ እሁድ አምሮብኝ ነበር» አልኳት። «ማክሰኞ በሙሉ ድምፅ ተሻረ... የእኔም እጅ አለበት።»