ፐርኦክሳይድ ሲፈርስ

ፀጉር ሠሪዋ መቀስ ስትይዝ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ እስክሪብቶ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ናት። የመልቀቂያ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ጉድ የሠራት ኬሚስትሪ ነው። ሦስተኛው ፈተና የፊታችን ሳምንት ነው። ካለፈች ነርስነት ትማራለች። ከዚያም በላይ ግን፣ ለማንም አትናገረው እንጂ፣ የምትመኘው አንድ ቀን አማቷ ፊት ቀና ብላ መቀመጥን ነው።

አማቷ ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ "ቲቸር" ይላቸዋል። ልጃቸው ትምህርቷን ያቋረጠች ፀጉር ሠሪ አገባለሁ ሲላቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ ይኸው አሥር ዓመት። እውነት ለመናገር ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ችግሩ ዝም ሲሉም ሰው የሚያርሙ ይመስላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉራቸውን ሊቀቡ መጡ። ቀለሙ እስኪይዝ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ግድ ነውና መስታወቱ ሥር የተረሳው ደብተር ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ገለጡት። ፀጉር ሠሪዋ በየቀኑ ከቀለም ጋር የምትቀላቅለው ፐርኦክሳይድ ፈርሶ ውሃና ኦክስጅን ሲሆን የሚያሳይ እኩልታ ነበር። ከግራ ሁለት ኦክስጅን፣ ከቀኝ ሦስት። እሷ ደግሞ መላ ዘይዳለች፤ ከኦክስጅኑ ሥር ያለችውን ትንሿን ሁለት ሰርዛ ግራና ቀኙን እኩል አድርጋዋለች።

"ይሄን ምን አደረግሽው?"

"አንዱ ጎን ረዘመብኝ፣ ቆረጥኩት።"

ቲቸር ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ፀጉር ሠሪዋ ደነገጠች፤ እንዲህ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም።

"ነይ፣ ቁጭ በይ" አሉ። "እዚህ መቁረጥ የለም። ኦክስጅን አየር ላይ ለብቻው አይዞርም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። ትንሿን ቁጥር ከነካሽ ነገሩ ሌላ ነገር ሆነ። ከፊት መጨመር ብቻ ነው የምትችዪው።"

"የቱ ላይ ልጨምር ታዲያ?"

"እስኪ አንቺ ፈልጊው።"

ትንሿን ሁለት መለሰቻት። ውሃው ፊት ሁለት ጻፈች፤ ሃይድሮጅኑ በዛባት። ፐርኦክሳይዱም ፊት ሁለት ጻፈችና በጣቷ ቆጠረች፤ አራት በአራት ሆነ። ቀና ስትል ቲቸር በመስታወቱ እያዩአት ነው። ቀለሙን ሁለቱም ረስተውት ኖሮ ሲታጠብ ከል መስሎ ወጣ። ቲቸር ግን አልተቆጡም። ሳምንቱን ሙሉ በዚያው ከል ፀጉራቸው እየመጡ አስጠኗት።

በፈተናው ቀን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኟት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተፈትና ስትወጣ፣ ቤት ገብተዋል ያለቻቸው ሴትዮ ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

"እህ፣ የሚፈርስ ነገር መጣ?"

"ሁለት መጡ። ሁለቱንም ሠራኋቸው።"

ዘበኛው ጣልቃ ገባ። "ወንበር ባመጣላቸው እምቢ አሉኝ እኮ! 'ልጄ እየተፈተነች እንዴት እቀመጣለሁ?' ብለው እንደቆሙ ዋሉ። እናትሽ ናቸው አይደል?"

ቲቸር የማይሰሙ መስለው ወደ መንገዱ ዞር አሉ። ፀጉር ሠሪዋ ጠጋ ብላ ክንዳቸውን ያዘች።

"አዎ" አለች፣ "እናቴ ናቸው።"