ኦቦ ለታ የጠገኑት መስኮት

ባለፈው ቅዳሜ መስታወቱ አልወጣ ያለውን የመኪናችንን በር የውስጥ ሽፋን ነቅዬ ሳነሳው የቆየ ግራሶ ሽታ ወጣ። ካቻቪቴውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ኦቦ ለታ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ አምቦ ውስጥ አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን የመሥሪያ ቤት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ አንዲት ያረጀች ነጭ መኪና ገዙ። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው በእጅ እየተሽከረከረ የሚወጣ መስታወት ነበር፤ የእሳቸው ግን ቁልፍ ሲጫኑት እያቃሰተ ይወጣል። ከሁሉ በላይ የተደሰቱበት ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ነበሩ። ደረታቸውን ያማቸዋል። መስኮት ሲዘጋ ይታፈናሉ፣ ክፍት ሲቀር ብርዱ ሳል ያስነሳባቸዋል። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ ጣታቸው ከቁልፉ ላይ አይነሳም፤ ሁለት ጣት ያህል ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

አንድ ክረምት በአዴ ጫልቱ በኩል ያለው መስታወት ወርዶ ቀረ። በማግስቱ ማለዳ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ለወራት የተጠበቀ ቀጠሮ። ጋራዥ ያሉት ሰዎች መስታወቱን ወደ ላይ ገፍተን ከሥሩ እንጨት እንወትፍበት አሉ። ብዙ መኪና እንዲያ ሆኖ ነበር የሚሄደው። ኦቦ ለታ እንቢ አሉ። የማይከፈት መስኮት ለሚስታቸው አይሆንም። መኪናዋን ግቢ አስገብተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

እኔ በረንዳው ላይ ከአዴ ጫልቱ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ኦቦ ለታ የፈቱትን ብሎን ሁሉ በተፈታበት ተራ በሚስታቸው ጭን ላይ በተዘረጋ ነጭ ጨርቅ ይደረድራሉ። አዴ ጫልቱ መነሳት ስላልቻሉ አሥሮኝ ዋለ እያሉ ባላቸውን ያሙልኛል። ሳሉ ሲመጣ ብሎኖቹ እንዳይበተኑ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይይዛሉ።

በሩ ውስጥ ዳይናሞው ይዞራል፤ መስታወቱን የሚስበው ሽቦ ግን ተበጥሷል። ኦቦ ለታ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ብስክሌታቸው የፍሬኑን ሽቦ ፈትተው ቆረጡ። አስረው ሲጨርሱ፣ ቁልፉን ከመጫናቸው በፊት፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። “ገለታ ዋቃዮፍ” ብለው ፈጣሪን አመሰገኑና ተጫኑት። ሽቦው ተንሸራቶ ወጣ። እንደገና አሰሩ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው አመሰገኑ፤ ተጫኑት። መስታወቱ ንቅንቅ አላለም። ዝናብ ጀመረ። ከበሩ በላይ ላስቲክ ወጥረው ቀጠሉ።

እኛ ቤት ምስጋና የሚደርሰው ነገሩ ከተሳካ በኋላ ነበር። ሳይሠራ ለምን ያመሰግናሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከሥራቸው ቀና አላሉም።

“ያመሰገንኩት ስለ መስታወቱ አይደለም። እሷ ዛሬም እዚያ ስለተቀመጠች ነው።”

አዴ ጫልቱ ብሎኖቹ ላይ አቀረቀሩ።

ሦስተኛው ሠራ። ግን ሽቦው በግልባጭ ተጠምጥሞ ኖሮ፣ ወደ ላይ ሲጫኑት መስታወቱ ይወርዳል፣ ወደ ታች ሲጫኑት ይወጣል። ኦቦ ለታ እንደገና ሊፈቱት ካቻቪቴውን አነሱ።

“ተወው” አሉ አዴ ጫልቱ። “ሂድ ስልህ የምትመጣውን አንተን ለምጄ የለ?”

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሲሄዱ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። የአዴ ጫልቱ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ ነበር። አዴ ጫልቱ ከዚያ በኋላ አራት ክረምት አዩ። መስኮቱም እስከ መጨረሻው በግልባጩ ሠራ።

ቅዳሜ ዕለት እኔም ሽቦውን ሁለት ጊዜ አስሬ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። በማግስቱ ልጆቼን ይዤ ወደ ጎጆ ከተማ መውጣት ነበረብኝ፤ የዚያ ደጋ ብርድ ደግሞ ክፍት መስኮት አይምርም። ለሦስተኛ ጊዜ አሰርኩ። ልጆቼ በረንዳው ላይ ብሎኖቹን በጨርቅ ዘርግተው እየተሳሳቁ ይጠብቁ ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው። አማተብኩ፤ አመሰገንኩ።

ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩ።