የአጥሩ መከላከያ

አጥሩ የቶርኖ ሠራተኛ ነው፤ ብረት እያሽከረከረ የፓምፕ ዘንግ ያወጣል። ቅጽል ስሙን ያገኘው ግን ከቼዝ ነው። ምሳ ሰዓት ከፎርማኑ ጋር ሲቀመጥ ሁሌም ጥቁሩን ይይዛል፤ ሁሌም ያንኑ አጥር ያጥራል።

ፎርማኑ ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ነጭ ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል። አጥሩ የሆላንድ መከላከያ በሚባለው ይመልሳል፦ በንጉሡ በኩል ካለው ጳጳስ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ያስኬድና ሌሎቹን አጠገቡ ይደረድራል። ነጩ ያሻውን ቢያደርግ አሰላለፉ ብዙም አይለወጥም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌላ አታውቅም?» ይለዋል ፎርማኑ።

«መጀመሪያ ይሄን አፍርስ፣ ከዚያ ሌላ አሳይሃለሁ።»

ወርክሾፑ ያላወቀው ነገር ቢኖር የአጥሩ ዓይን መድከሙን ነው። ውፍረት የሚለካበትን የካሊፐሩን ቁጥር ማንበብ ካቃተው ሰንብቷል። ያለቀ ዘንግ አጠገቡ ያስቀምጥና አዲሱን በጥፍሩ እየዳሰሰ ያነጻጽራል፤ የቢላውን አቆራረጥ በድምፁ ይለያል። ሚስቱ ብቻ ታውቃለች።

«ንገራቸው» ትለዋለች።

«ነግሬያቸው በር ልጠብቅ? እስካሁን ማንም አላየኝም።»

«አንተስ ማንን አየህ?»

አንድ ቀን ፎርማኑ ነገር አማረውና ምንም ሳይናገር ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ገፋ። ያው የጎረቤት ወታደር ነው፤ ልዩነቱ አንድ ቤት ብቻ። አጥሩ መሀል ላይ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አየ፤ እጁም እንደለመደው ያንኑ የጳጳሱን ወታደር ገፍቶ ነጩ በሰያፍ የሚበላበት ቤት ላይ አቆመው።

«ኧረ በነጻ ሰጠው!» ብሎ ሳቀ ከጀርባው የቆመው ብየዳ ሠራተኛ።

«በላሁት» አለ ፎርማኑ።

«በምን?» አለ አጥሩ።

ብየዳ ሠራተኛው ሳቁን ዋጠ። ፎርማኑ የአጥሩን ዓይን ትኩር ብሎ አየና «መጀመሪያ የትኛውን ገፋሁ?» አለ።

«የንግሥቲቱን ነዋ።»

ፎርማኑ ብየዳ ሠራተኛውን በእጁ ምልክት አሰናበተው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ወንድሜ፣ አታሞኘኝ።»

አጥሩ ሱሪውን ጠራረገ፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም። «ግራው ጨርሶ ሄዷል። ቀኙ ትንሽ ትንሽ ያያል።»

«በዚህ ዓይን ነው እጅህን የሚሽከረከር ብረት አጠገብ የምትሰደው?»

«እጄ ሥራውን ያውቀዋል።»

«እጅህ ይሄንንም ጨዋታ ያውቅ ነበር።»

ፎርማኑ ተነስቶ የቶርኖውን ማብሪያ ዘጋ፤ ብረቱ የሚታሰርበትን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«ላንተው ብዬ ነው።»

«ለኔ ከሆነ ተወኝ። እዚህ ካልቆምኩ የት ልቁም?»

«እሱን አላውቅም። እዚህ ግን አትቆምም።»

ፎርማኑ ለአጥሩ ሚስት ደወለ። መጥታ ክንዱን ስትይዘው «ግማሽ ላይ የቀረ ዘንግ አለ» አለ አጥሩ ወደ ማሽኑ ዞሮ። «ማን ይጨርሰዋል?»

ከሄዱ በኋላ ፎርማኑ ራሱ ጨረሰው። ለክቶ ሲያየው እሱ የቆረጠው በኩል ከልኩ ቀጥኗል፤ ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ወረወረው።